የአራሷ ድባቴና የመድኃኒቱ ሚዛን

አራስ ጠያቂ ከደጃፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ምሕረት የሚባለው ከሞት አፋፍ ለተመለሰ ነውና፣ ቃሉ ወሊድ ምን ያህል እንደሚፈራ ይናገራል። ጭንቁ ግን ሁልጊዜ ከእንግዴ ልጁ ጋር አይወጣም። ገንፎው ተበልቶ፣ ጠያቂው ተበትኖ፣ እናት ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን ስትቀር የሚጀምር ሌላ ጭንቅ አለ። እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ የወለዱትን ልጅ እንደ ባዕድ ያሳያል፣ ሲብስም ሞትን ያስመኛል። ባለሙያዎች የድኅረ ወሊድ ድባቴ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ አንድ ግምገማ በዝቅተኛና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች ከወለዱ ሴቶች 19.8 በመቶው፣ ማለትም ከአምስቱ አንዷ ገደማ፣ በድባቴ ወይም በጭንቀት ሕመም እንደሚያዙ አስልቷል።

ለዚች እናት መድኃኒት ቢታዘዝላት አደጋው ምንድን ነው? ባይታዘዝላትስ? ጥያቄው በዓለም ላይ ስድሳ ዓመት ያህል ሲያከራክር ኖሯል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ሲጠየቅ የመድኃኒቱ ኬሚስትሪ ያው ነው፤ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ሸክም ግን ይለያል። ድርቅ የሚደጋግመው፣ ጦርነት ያፈናቀለው፣ የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ የሚጠይቅ አገር ነው። ይህ ዳሰሳ የክርክሩን ታሪክ፣ ዋና ዋናዎቹን አቋሞችና ማስረጃቸውን ካየ በኋላ ለእንዲህ ያለው አገር የሚበጀውን ይለያል።

ከማርሴ እስከ ቡታጅራ

ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቪክቶር ማርሴ ስለ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች የአእምሮ ሕመም የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1858 ታተመ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የሕክምናው ዓይን ያረፈው አእምሯቸውን በሳቱት ጥቂት አራሶች ላይ ነበር። ቤታቸው ተቀምጠው በዝምታ የሚደክሙትን ብዙዎች በጥናት ያሳየው ብራይስ ፒት ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1987 ኮክስና ባልደረቦቹ ይህን ድባቴ ለመለየት የሚያገለግለውን፣ አሥር ጥያቄዎች ያሉትን የኤዲንብራ መጠይቅ አወጡ።

የመድኃኒቱ ታሪክ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ሄደ። ከመጀመሪያዎቹ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢሚፕራሚን እ.ኤ.አ. በ1957 ታወቀ። በዚያው ዓመት ታሊዶማይድ ገበያ ላይ ውሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ሴቶች ከመድኃኒት ሙከራ ሆን ተብሎ ተገለሉ። ለጥንቃቄ የተደረገው ነገር ሌላ ጉዳት አመጣ፤ ዛሬ ስለ እነዚህ ሴቶች ያለን እውቀት ከሞላ ጎደል መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር በማነጻጸር የተገኘ ነው። የክርክሩ ግማሽ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። በአገር ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቀደ፤ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እየሠለጠኑ ድባቴን ማከም ጀመሩ። ስለ እናቶች የተሠራው ሰፊ ጥናት የተነሳው ከቡታጅራ ነው። በሻርሎት ሃንሎንና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ከሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለው ይህ ጥናት፣ በእርግዝና ወቅት የመንፈስ ጭንቀት የበረታባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ሰዓትም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳየ። ጭንቀቱ ከእርግዝና እስከ ድኅረ ወሊድ በዘለቀባቸው እናቶች ዘንድ ደግሞ የሕፃናት ተቅማጥ በዛ። ስለዚህ በሚዛኑ በአንደኛው ወገን መድኃኒቱ ሲቀመጥ፣ በሌላው ወገን ሕመሙ ራሱ ክብደት አለው።

ስሙ ሳይለይ መድኃኒቱ አይለይም

ከአደጋዎች ሁሉ የሚቀድመው ያልሆነውን በሽታ ማከም ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የስሜት መታወክ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚታይ የሆድ መባስና የለቅሶ ጊዜ ነው። ብዙ እናቶች ያልፉበታል፤ ዕረፍትና አይዞሽ ባይ እንጂ መድኃኒት አያሻውም። ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይና ሥራ የሚያስፈታ ድባቴ ነው። ሦስተኛው ከሺህ ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ የሚደርስ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ድምፅ የሚያሰማ፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ሐሳብ የሚያመጣ የአእምሮ መሳት ነው። ይህ የሰዓታት እንጂ የቀናት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃል።

ከእነዚህ ጀርባ አንድ ወጥመድ አለ። ድባቴ የመሰለው ነገር ስሜት አንዴ እየናረ አንዴ እየወደቀ የሚሄድበት የባይፖላር ሕመም ከሆነ፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ እናትየዋን ወደ ቅብጥብጥነትና ወደ እንቅልፍ አልባነት ሊወረውራት ይችላል። ስለዚህ ክኒን ከመጻፉ በፊት «ከዚህ በፊት ያለ እንቅልፍ ቀናት ያሳለፍሽበት፣ ከልክ በላይ የተደሰትሽበት ወይም የተናደድሽበት ጊዜ ነበረ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ደም ማነስና የታይሮይድ መታወክም ድካምና መፍዘዝ አምጥተው ድባቴ ይመስላሉ። ምግብ በሚያጥርበት ወረዳ የዛለችን እናት ሁሉ በድባቴ መፈረጅ አንድ ስህተት ነው፤ ድባቴ ያለባትን እናት ደግሞ «ርሃብ ነው» ብሎ መመለስ ሌላ ስህተት።

መለኪያው ራሱ ያከራክራል። የኤዲንብራ መጠይቅ በአዲስ አበባ ተፈትኖ በደህና ሁኔታ ሠርቷል። በቡታጅራ ገጠር ግን አልሠራም፤ በምትኩ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ተሻለ። ምክንያቱ ለሰቆጣም ትምህርት ይሆናል። በገጠር ያለች እናት ሐዘኗን ብዙ ጊዜ በአካሏ ትናገረዋለች፤ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ራሴን ይነድለኛል» ትላለች። ስሜትን በአራት ደረጃ ከፋፍሎ መመለስ ደግሞ የለመደችው የአነጋገር ልማድ አይደለም። በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና የምታስብ የዋግ እናት በአማርኛ ስትጠየቅ ተጨማሪ መጋረጃ ይገባል።

በእርግዝና ወቅት የሚፈራው

ብዙ ድባቴ የሚጀምረው ከወሊድ በፊት ነውና ክርክሩም ከማኅፀን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ፓሮክሴቲን የተባለው መድኃኒት ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ከአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ፍርሃቱ ወደ መሰሎቹ መድኃኒቶችም ተሻገረ። በ2014 ወደ 950,000 በሚጠጉ እርግዝናዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የሕመሙ ክብደትና ሌሎች ልዩነቶች ሲስተካከሉ መድኃኒቶቹ የልብ ጉድለትን ጎላ ባለ መጠን እንደማይጨምሩ አገኘ። በሕፃኑ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ላይም እንዲሁ ሆነ። በ2006 ትልቅ ስጋት ተብሎ ተዘገበ፤ በ2015 ከ3.7 ሚሊዮን በላይ እርግዝናዎች ሲታዩ መድኃኒቱ ከደረሳቸው 10,000 ሕፃናት በ32 ገደማ፣ ካልደረሳቸው በ21 ገደማ ተገኘ፤ የእናትየዋ ሕመምና ሌሎች ምክንያቶች ሲቆጠሩም ልዩነቱ ይበልጥ ጠበበ። ኦቲዝምን የሚመለከተው ስጋት ወንድምና እህትን እርስ በርስ ባነጻጸሩ ጥናቶች በብዛት ቀለለ።

እውነተኛ ሆነው የቀሩ አደጋዎችም አሉ። በእርግዝና ማብቂያ መድኃኒቱ ከደረሳቸው ሕፃናት ሲሶ ያህሉ ለጥቂት ቀናት ይነጫነጫሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ለመጥባት ይቸገራሉ። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ የሚመለከት ዓይን ግን ይፈልጋል። ሁለተኛው ደም ነው። በ2013 የወጣ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም መድኃኒቱን ባልወሰዱ ሴቶች 2.8 በመቶ፣ በወሰዱት ዘንድ ደግሞ 4 በመቶ መሆኑን ዘገበ። የደም ባንክ በቅርብ ባለበት ይህ ትንሽ ልዩነት ነው፤ ምጥ ቤት ውስጥ በሚያዝበት፣ መንገዱ ተራራና ገደል በሆነበት ግን ትንሽ አይባልም። ለዋግ የሚሰጠው ትምህርት መድኃኒቱን መከልከል ሳይሆን፣ የምትወስደው ነፍሰ ጡር በጤና ተቋም እንድትወልድ ከሌሎች ይልቅ አብዝቶ መወትወት ነው።

ተቃራኒው ወገንም ማስረጃ አለው። በ2006 በአሜሪካ በ201 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ክትትል መድኃኒታቸውን ካቋረጡት 68 በመቶው፣ ከቀጠሉት ግን 26 በመቶው ብቻ ሕመማቸው እንዳገረሸ አሳየ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጠራው መድረክ አብዛኞቹ ተናጋሪዎች የመድኃኒቱን አደጋ ሲያጎሉ፣ የአገሪቱ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ያልታከመ ድባቴ የሚያደርሰው ጉዳት ተዘንግቷል ሲል ተቃወመ። የማይናወጠው ፍርድ በአንድ መድኃኒት ላይ ብቻ ነው። ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚሰጠው ቫልፕሮኤት የሕፃኑን ኅብለ ሰረሰርና አእምሮ በግልጽ ይጎዳልና፣ ልትወልድ በምትችል ሴት ዘንድ ሌላ አማራጭ እስካለ አይጀመርም።

በጡት የሚያልፈው

ከወሊድ በኋላ ጥያቄው ወደ ወተቱ ይዞራል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው። ሕፃኑ በወተት የሚያገኘው መጠን በኪሎው ተሰልቶ፣ እናትየዋ በኪሎዋ ከምትወስደው ጋር ይነጻጸራል፤ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው ተቀባይነት አለው። 50 ኪሎ የምትመዝን እናት በቀን 50 ሚሊግራም ሰርትራሊን ብትወስድ በኪሎዋ አንድ ሚሊግራም ይደርሳታል። ወደ ሕፃኑ የሚያልፈውን 2 በመቶ ብንል፣ አምስት ኪሎ የሆነ ሕፃን በቀን የሚያገኘው የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው። በብዙ ሕፃናት ደም ውስጥ ተለክቶ ሊገኝ እንኳ አልቻለም። አሚትሪፕቲሊንም በወተት የሚያልፈው ጥቂት ነው። ፍሉኦክሴቲን ግን ከሰውነት ለመውጣት ቀናት፣ ተረፈ ምርቱ ደግሞ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል፤ ጉበቱና ኩላሊቱ ባልጠና አራስ ሕፃን ውስጥ የመጠራቀም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ስሌቱ የተሠራው በጊዜው በተወለደና ኪሎው በሞላ ሕፃን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የከሳ ወይም በተቅማጥ ውኃው ያለቀ ሕፃን መድኃኒትን የሚያስወግደው በዝግታ ነው። ዋግ እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚበዙበት አገር ነውና፣ እናት ክኒን ስትጀምር የሕፃኑ ኪሎ፣ አጠባቡና ንቃቱ አብሮ መታየት አለበት። ለእንቅልፍ ተብሎ በየፋርማሲው የሚፈለገው ዲያዜፓም ደግሞ ሕፃኑን አፍዝዞ መጥባት ሊያስተው ይችላል።

የዳሰሳው እምብርት እዚህ ላይ ነው። «መድኃኒት ስለምትወስጂ አታጥቢ» የሚለው ምክር ጥንቃቄ ይመስላል፤ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በዝቋላ ወይም በአበርገሌ ወረዳ ግን ከመድኃኒቱ የከፋ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ፣ ጡት የማይጠቡ ከሁለት ወር በታች ያሉ ሕፃናት በተላላፊ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሚጠቡት ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ንጹሕ ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት፣ የዱቄት ወተት ዋጋው በማይቀመስበት ቤት ከሰርትራሊንም ሆነ ከአሚትሪፕቲሊን ይልቅ ጡጦው ይፈራል።

የሁለቱ ክኒኖች ምርጫ

በበለጸጉ አገሮች ለአጥቢ እናት መጀመሪያ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ሰርትራሊን ነው። ለድኅረ ወሊድ ድባቴ ብቻ የተሠሩ መድኃኒቶችም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደው ብሬክሳኖሎን በደም ሥር ለ60 ሰዓት የሚሰጥ፣ ራስን ሊያስት ስለሚችል የማያቋርጥ ክትትል የሚጠይቅ ነበር። በ2023 የተፈቀደው ዙራኖሎን ለ14 ቀን የሚዋጥ ክኒን ነው። የሁለቱም ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ ለእኛ የንባብ እንጂ የመድኃኒት ቤት ጉዳይ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና በስም የጠቀሳቸው አሚትሪፕቲሊንንና ፍሉኦክሴቲንን ነበር። ይኸው መመሪያ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት መጀመሪያ ያለ መድኃኒት መሞከርን፣ ካልሆነ በአነስተኛ መጠን መስጠትን፣ አጥቢ ከሆነች እንደ ፍሉኦክሴቲን በሰውነት የሚቆየውን መራቅን፣ ከተቻለም ስፔሻሊስት ማማከርን ይመክራል። ፍሉኦክሴቲን ሲቀር በጤና ጣቢያው እጅ የሚቀረው አሚትሪፕቲሊን ነው። እርሱ ደግሞ ለወተቱ የተሻለ ቢሆንም ለእናትየዋ የሚያስፈራ ነው፤ ከታዘዘው በላይ ሲወሰድ ልብን ያውካል፣ ሕፃናት ቢያገኙት ጥቂቱም ይጎዳቸዋል። ሞትን በምትመኝ እናት ቤት የወር መድኃኒት ማስቀመጥ አደገኛ ነው። በተጨማሪ ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራል፤ ደም ላነሳትና ውኃ ለተጠማች እናት፣ ጀሪካን አዝላ ቁልቁለት ለምትወርድ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊት ከባድ እንቅልፍ ስለሚያመጣም በአንድ መደብ ላይ ከሕፃኑ ጋር መተኛት ጥንቃቄ ይሻል።

ፍሉኦክሴቲንም የራሱ ምርቃት አለው። ቢበዛ እንኳ እንደ አሚትሪፕቲሊን ገዳይ አይደለም። ከሰውነት ቀስ ብሎ መውጣቱ ለወተቱ ጉድለት ሲሆን፣ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ለሚቋረጥበት አገር ግን ጥቅም ይሆናል፤ በድንገት ሲቆም የሚያመጣው መናወጥ ቀላል ነውና። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለውም። ራሷን ልትጎዳ ታስባለች? ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው፣ ኪሎውስ? ከዚህ በፊት የተስማማት የትኛው ነው? የሚያስታምማት አለ? መልሱ ከእነዚህ ይመጣል። አሚትሪፕቲሊን ግድ ከሆነ ለሳምንት የሚበቃ ብቻ መስጠትና መድኃኒቱን በእናቷ ወይም በእህቷ እጅ ማስቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ከክኒን በፊት፣ ከክኒን ጋር

መድኃኒቱ ምን ያህል ያድናል? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በዓለም ላይ ያገኘው 11 ጥናቶችን ብቻ፣ ሴቶቹም 1,016 ነበሩ። ክኒኑ ከማስመሰያው የተሻለ ይመስላል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው፣ አብዛኛውም ከበለጸጉ አገሮች የመጣ ነው።

በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ለድሃ አገር የቀረበ ማስረጃ አለው። በፓኪስታን ገጠር 903 እናቶች በተሳተፉበትና በ2008 በታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ የሰፈር ጤና ሠራተኞች የተደገፉት እናቶች ከስድስት ወር በኋላ በድባቴ ውስጥ የተገኙት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ተራ ጉብኝት ብቻ ከተደረገላቸው ግን 53 በመቶ ነበሩ። በዚምባብዌ በጥቂት እናቶች ላይ የተሠራ ሙከራ ችግርን በቡድን ተወያይቶ የመፍታት ዘዴን ከአሚትሪፕቲሊን ጋር አወዳድሮ ውይይቱን የተሻለ ሆኖ አገኘው። በአገራችንም ይኸው ችግር ፈቺ ምክር ለገጠር ነፍሰ ጡሮች ተስማምቶ ተሞክሯል። ይህ ማለት ክኒን አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ከአልጋ መነሳት ላቃታት፣ ሞትን ለምታስብ እናት ውይይት ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው መንገድ ጸበል ነው። እምነትንና ሕክምናን ማጋጨት በኢትዮጵያ ማንንም አልጠቀመም። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበልንና የኤችአይቪ መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ ለአእምሮ ሕመምም በአዲስ አበባ ጸበልተኞችን ከሳይካትሪ ጋር ያገናኘ ትብብር ተሞክሯል። አደጋው ጸበሉ ሳይሆን፣ ለጸበል ሲባል ክኒንን በአንድ ቀን ማቆምና አጥቢን በጾም ማዳከም ነው።

ገና ያልተቋጨው

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባ የመንግሥት ቃል ነው። የእናት ድባቴ ከዚህ ግብ ጋር ይያያዛል? በ11 አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን የጨመቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ግምገማ በድባቴ የተያዙ እናቶች ልጆች የመቀንጨር ዕድላቸው 1.4 እጥፍ መሆኑን አገኘ። የቡታጅራው ጥናት ግን በእናት ጭንቀትና በሕፃን ምግብ እጥረት መካከል ግንኙነት አላየም። ምናልባት እጦት ሁሉን በሚነካበት ቦታ የእናት ስሜት ለብቻው ተለይቶ አይታይ ይሆናል፤ ምናልባትም የቤተ ዘመድ እጅ ሕፃኑን ደግፎት ይሆናል። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅላ ያ እጅ የተቆረጠባት እናትስ? ይህ ጥያቄ ክፍት ነው።

ሁለተኛው ያልተቋጨ ነገር መለየት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያዎች ከሥልጠና በኋላም ድባቴ ካለባቸው የገጠር ሕሙማን ጥቂቱን ብቻ እንደሚለዩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሕፃኑ በ45 ቀኑ ለክትባት ይመጣል። ይመዘናል፣ ጭኑ ላይ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይነገራል። ያቀፈችው እናት ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?» ሳትባል ትመለሳለች። የመድኃኒት አደጋ ክርክር የሚነሳው ለተጠየቀች እናት ነው፤ ያልተጠየቀችው አደጋዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች።

የሚዛኑ ፍርድ

ማስረጃው ተጠቃልሎ ሲታይ፣ ለዋግ እናት ከክኒኑ የሚፈራው በወተት የሚያልፈው ጥቂት መጠን አይደለም። የሚፈራው በክኒኑ ዙሪያ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ጡት ማስጣል፣ በድንገት ማቋረጥ፣ ባይፖላርን በድባቴ መድኃኒት ማከም፣ የወር አሚትሪፕቲሊን ለብቻዋ አሸክሞ መስደድ። አራቱንም ለማስቀረት አዲስ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ጠያቂ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ አቅርቦትና በኽምጣናም በአማርኛም የሚያዳምጥ ጆሮ ይበቃል።

ድባቴው ቀላል ከሆነ በምክር ይጀመር። ከከበደ ክኒኑ አይከልከላት፤ እያጠባች ትውሰድ፣ ሕፃኑ ይመዘን። ክኒን የጀመረች እናት በራሷ አታቁም፤ ሐኪሟን ትጠይቅ። እንቅልፍ ያጣች፣ የማይሰማ ድምፅ የምትሰማ፣ ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት የምታስብ አራስ ካለች ቤተሰቧ ብቻዋን አይተዋት፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ያድርሷት። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው የአባቶችና የእናቶች ሥርዓት ከአርባው ቀን በኋላም ይቀጥል።